ለአባቴ «አይሆንም» ያልኩት ሕክምና

(በማኅበራችን ዓመታዊ የአባላት ስብሰባ ላይ፣ ካልጋሪ ኮርነርስቶን ውስጥ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የደብረ ታቦር ልጆችና ወዳጆች፣ ይህን በረዶ ተቋቁማችሁ ከሳድል ሪጅም፣ ከማርቲንዴልም፣ ከከተማው ደቡብ ጫፍም እዚህ ኮርነርስቶን ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቤታቸውን ከፍተው፣ ቡናውን አፍልተው ለተቀበሉንም እግዜር ይስጥልን።

ኮሚቴው «ስለ ጤና አንድ ነገር በልልን» ብሎ ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር ብናገር ለእኔም ለእናንተም ይቀል ነበር። ነገር ግን እኛ ወንዶች እርስ በርሳችን እንኳ ስለማንነጋገርበት በሽታ ልናገር መረጥኩ። እሱም የፕሮስቴት ካንሰር ነው፤ በተለይም ኃይለኛው፣ ቶሎ የሚዛመተው ዓይነት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚህ ካልጋሪ በላቦራቶሪ ሙያ የምሠራ ሰው ነኝ። ይህ በሽታ ሁለት ጊዜ ቤቴን አንኳኩቷል፤ መጀመሪያ አባቴን ወሰደ፣ ኋላ ደግሞ ወደ እኔው መጣ። የምናገረው በሁለቱ መካከል ስለተማርኩት ነው።

የአባቴ ነገር

አባቴን ከእናንተ አንዳንዶቹ ታስታውሷቸዋላችሁ። በገበያ ቀን እህል ሲሰፍሩ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ በሥራ የማይደክሙ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ታላቅ ወንድሜ ደወለልኝና «አባባ ወገባቸውን ካመማቸው ዓመት አለፈ፤ ሌሊትም ለሽንት አምስት ስድስት ጊዜ ይነሣሉ» አለኝ። ዓመቱን ሙሉ «ብርድ ነው» እየተባለ ማስታገሻ ሲሰጣቸው ኖሯል። በመጨረሻ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተወሰዱ። ውጤቱ የፕሮስቴት ካንሰር ሆነ፤ ወደ ጀርባ አጥንታቸውም ተሰራጭቶ ነበር።

የመረመራቸው ሐኪም ትሑት ሰው ነበር፤ በስልክ አነጋገረኝ። «ለአባትህ ዛሬ ልናደርገው የምንችለው ጥሩ ነገር አለ፤ የዘር ፍሬዎቻቸውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሕመማቸውም ይቀንሳል» አለኝ።

እኔ ከካናዳ ሆኜ «አይሆንም» አልኩ። ስንት ልጆች ያሳደጉ፣ ስንት ሽማግሌ ያስታረቁ ሰው በእርጅናቸው እንዲህ ሊደረጉ! ውርደት መሰለኝ። የድሃ አገር ሕክምና፣ ሌላ ስላጡ የሚያደርጉት ነገርም መሰለኝ። አባቴ ስልኩን ተቀብለው «አንተ ውጭ አገር ያለህ ትሻላለህ፤ አንተ ካልክ ይቅር ልጄ» አሉኝ። እኔም ከዚህ ቪታሚንና የማስታገሻ ኪኒን ገዝቼ በሰው እጅ ላክሁላቸው።

ከስምንት ወር በኋላ አንድ ማለዳ እግሮቻቸው አልታዘዝ አሏቸው። ካንሰሩ ከአጥንቱ አልፎ ሕብለ ሰረሰራቸውን ተጭኖት ነበር። ከዚያ በኋላ አልተነሡም። የሞቱት በአልጋቸው ላይ፣ ሰው እያገላበጣቸው ነው። ያ ሐኪም ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን በአደባባይ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ያ ቀዶ ሕክምና ምን ነበር?

አባቴን ከቀበርን በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር አሳፈረኝ። እኔ የድሃ አገር ሕክምና ያልኩት ነገር ኖቤል ሽልማት የተሰጠበት ነው። ቻርለስ ሃጊንስ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1901 በዚሁ በካናዳ በሃሊፋክስ ከተማ የተወለደ ሐኪም በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ በ1941 አንድ ነገር አሳየ። የፕሮስቴት ካንሰር የሚኖረው የወንድ ሆርሞን፣ ማለትም ቴስቶስትሮን እየመገበው ነው። የዘር ፍሬዎቹ ሲወጡ ሆርሞኑ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። በአጥንት ሕመም ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው ሰዎች በቀናት ውስጥ እፎይ ሲሉ ታዩ። በ1966 ለዚህ ሥራው ኖቤል ተሸለመ።

ዛሬ እዚህ አገር በየሦስት ወሩ ወይም በየስድስት ወሩ የሚሰጠው የሆርሞን መርፌ የሚያደርገውም ያንኑ ነው፤ ያለ ቢላዋ። መርፌው ግን ውድ ነው፤ ሳይቋረጥም መሰጠት አለበት። መድኃኒት በሚቆራረጥበት፣ መንገድ በሚዘጋበት አገር አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያልቀው ቀዶ ሕክምና ከመርፌው የሚያንስ ሕክምና አይደለም። አባቴ ተቀብለውት ቢሆን አይድኑም ነበር። ምናልባት ግን ሁለት ሦስት ዓመት በእግራቸው ቆመው፣ ያለዚያ ሥቃይ ይኖሩ ነበር።

ኃይለኛው ከዝግተኛው በምን ይለያል?

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለች፣ ከሎሚ የምታንስ ዕጢ ናት፤ የሽንት ቱቦ በመካከሏ ያልፋል። ከወንድ ዘር ጋር የሚቀላቀለውን ፈሳሽ ታመነጫለች። ፒ.ኤስ.ኤ የምንለው እሷ የምትሠራው ፕሮቲን ነው፤ ጥቂቱ ወደ ደም ስለሚገባ በደም ምርመራ ይለካል።

በካናዳ ከስምንት ወንዶች አንዱ ገደማ በዕድሜው ይህ ካንሰር ይገኝበታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን በሽታው አይገድላቸውም። ዝግተኛው ዓይነት ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል፤ ሐኪሞቹም ሳይነኩት በክትትል ብቻ ያዩታል። ኃይለኛው ግን ገና ሳይታወቅ ወደ አጥንትና ወደ ንፍፊት ይሄዳል። የምርምሩ ሁሉ ዋና ጥያቄ እነዚህን ሁለቱን በጊዜ እንዴት እንለያቸው የሚል ነው።

የመጀመሪያው መለያ ግሊሰን የሚባለው ነው፤ ዶናልድ ግሊሰን የተባሉ የፓቶሎጂ ባለሙያ በ1960ዎቹ ያወጡት። በባዮፕሲ የተወሰደው ናሙና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሴሎቹ የዕጢውን ቅርጽ ጠብቀው ከተደረደሩ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ቅርጻቸውን አጥተው ከተበታተኑ ከፍ ይላል። 6 ዝቅተኛው ነው፤ ከ8 እስከ 10 ያለው ኃይለኛው።

ቀጥሎ የመጣው የዘረ መል ምርምር ነው። ፒቴን የሚባል ጂን አለ፤ ሥራው እንደ ፍሬን ሴሉ ያለ ልክ እንዳይባዛ መግታት ነው። ይህ ጂን ሲጠፋ ካንሰሩ ይከፋል። ኢአርጂ የሚባል ሌላ ጂን ደግሞ ከጎረቤት ጂን ጋር ተጣብቆ በሆርሞን ትእዛዝ እንዲሠራ ሲሆን ይታያል፤ ይህ የታወቀው በ2005 ነው። በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ባለሙያው ዶክተር ታሬክ ቢስማርና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ያጠኑት እነዚህን ሁለቱን በናሙና ላይ አይተው የታማሚውን መጻኢ ለመገመት ነው። በኤድመንተንም በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ጆን ሉዊስና ባልደረቦቻቸው ክላሪቲ ዲኤክስ የተባለ ምርመራ ሠርተዋል፤ ከባዮፕሲ በፊት ከደም ውጤትና ከታማሚው መረጃ ኃይለኛ ካንሰር የመኖሩን ዕድል የሚያሰላ ነው። ከዚህ የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የተሠራ ነው ማለት ነው።

ሌላም አለ፤ ይህን ሴቶችም ስሙኝ። ብራካ 2 የሚባለው ጂን የተበላሸን ዲ.ኤን.ኤ ይጠግናል። ስለ ጡት ካንሰር ሲወራ ስሙን ሳትሰሙት አትቀሩም። ይህ ጂን ከወላጅ ተበላሽቶ ሲወረስ በወንዱ ላይ ኃይለኛ የፕሮስቴት ካንሰር፣ በሴቷ ላይ የጡትና የእንቁልጢ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በ2016 በወጣ አንድ ትልቅ ጥናት፣ ካንሰሩ ከተሰራጨባቸው 692 ወንዶች ውስጥ 11.8 በመቶዎቹ እንዲህ ያለ የተወረሰ የጥገና ጂን ጉድለት ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ የአባት ፕሮስቴት የልጁ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የሴት ልጁም ነው።

ካንሰሩ ለምን ይመለሳል?

ሆርሞኑን ብናቋርጥበት ኃይለኛው ካንሰር መጀመሪያ ይተኛል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ይነሣል። ሆርሞኑ እንደ ቁልፍ፣ በሴሉ ውስጥ ያለው ተቀባይ እንደ ቁልፍ መግቢያ ነው በሉት። ካንሰሩ ቁልፉ ሲጠፋበት ብዙ ዘዴ ያበጃል። መግቢያዎቹን ያበዛቸዋል፤ የቀረችውን ጥቂት ሆርሞን አሟጦ ይጠቀምባታል። ራሱም ሆርሞን መሥራት ይጀምራል። አንዳንዱ ደግሞ ቁልፍ የማያስፈልገው፣ ጫፉ የተቆረጠ ተቀባይ ይሠራል። ከሁሉ የከፋው ጭራሽ ማንነቱን የሚቀይረው ነው፤ እንደ ነርቭ ሴል ያለ ባሕርይ ይይዝና ፒ.ኤስ.ኤ እንኳ ሳያመነጭ ይዛመታል። ለዚህ ነው «ፒ.ኤስ.ኤው ዝቅተኛ ነው» ብሎ ብቻ መተኛት የማይቻለው።

ሕክምናውም እነዚህን መንገዶች አንድ በአንድ ሲዘጋ ኖሯል። በ2004 ዶሲታክሰል የተባለው ኬሞቴራፒ ዕድሜ እንደሚያስረዝም ታየ፤ የጨመረው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ብቻ ነበር፤ ግን በር ከፈተ። በ2011 አቢራቴሮን መጣ፤ ካንሰሩም ሆነ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ሆርሞን እንዳይሠሩ ያግዳል። በ2012 ኤንዛሉታማይድ ተከተለ፤ እሱ መግቢያውን ራሱን ይደፍናል። የጥገና ጂናቸው ለተበላሸባቸው ኦላፓሪብ በ2020 ተፈቀደ። በ2022 ደግሞ ሉቴሺየም 177 የተባለ የጨረር ንጥረ ነገር፣ የካንሰሩን ሴል ፈልጎ ከሚጣበቅ ሞለኪውል ጋር ተያይዞ በደም ሥር መሰጠት ጀመረ። ሌላ አማራጭ ላለቀባቸው ሰዎች መካከለኛውን የመኖሪያ ጊዜ ከ11.3 ወር ወደ 15.3 ወር አሳድጓል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። አባቱን ሲያስታምም የነበረ ሰው ግን አራት ወር ምን እንደሆነ ያውቃል።

ወደ እኔ ሲመጣ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥፋቴ ልምጣ። ይህን ሁሉ አንብቤ፣ በሥራዬም የሰው ፒ.ኤስ.ኤ በየቀኑ በማሽን እያሳለፍኩ፣ የራሴን አንድም ቀን አላስለካሁም። ለቤተሰብ ሐኪሜ በሞላሁት ቅጽ ላይ «በቤተሰብ ካንሰር አለ?» የሚለውን «የለም» ብዬ ነበር የፈረምኩት። የአባቴን ነገር ማንሣት ያን ስልክ ማንሣት ሆኖብኝ ነው።

ያዳነችኝ ባለቤቴ ናት። በ2021 ክረምቱ ሳይገባ ከአንድ ገበያ ማዕከል ፊት ለፊት ማን ቫን የሚባለው መኪና ቆሞ አየን። ይህ መኪና በካልጋሪ የፕሮስቴት ካንሰር ማዕከል ሥር እየተዘዋወረ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ለሆነ ወንዶች በነጻ ፒ.ኤስ.ኤ የሚለካ ነው። «ግባ» አለችኝ። «ሌላ ቀን» አልኳት። «መርፌ ከፈራህ እጅህን እኔ እይዝልሃለሁ» ብላ በሰው ፊት ስትናገር አፍሬ ገባሁ።

ውጤቱ 14 ሆነ። ኤም.አር.አይ፣ ከዚያ ባዮፕሲ ተከተለ፤ ግሊሰን 8። ኃይለኛው ነው። ግን ገና አልወጣም ነበር። የእኔና የአባቴ ልዩነት ይህ ብቻ ነው። የጨረር ሕክምናውን ጨረስኩ፤ ሁለት ዓመት የሆርሞን መርፌና አቢራቴሮን ወሰድኩ። ይህ አሠራር የመጣው በብሪታንያ ከተመራው ስታምፒድ ከተባለው ጥናት ነው። እንደ እኔ ላሉት አቢራቴሮን ሲጨመር ከስድስት ዓመት በኋላ በሕይወት የቆዩት ከመቶ 86 ሆነዋል፤ ሳይጨመር 77 ነበሩ።

ሕክምናው ቀላል ነበር አልልም። ወላፈን የመሰለ ሙቀት በሌሊት ያነቃኛል። ደክሜያለሁ፣ ወፍሬያለሁ፤ ባልና ሚስት የሚያገናኘውም ነገር ለጊዜው ጠፍቶ ነበር። አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ለአባቴ ውርደት ነው ያልኩት ነገር አሁን በመርፌ በእኔ ላይ እየተደረገ ነው። ወንድነቴ ግን የትም አልሄደም፤ ጠዋት ተነሥቼ ወደ ሥራ ሄጃለሁ፣ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። አባቴም እንደዚያው ይሆኑ ነበር።

ለእኛ ለጥቁሮች

በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በዚህ በሽታ የሚሞቱት ከነጮቹ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ከፊሉ ሕክምና ዘግይቶ ከመገኘት የሚመጣ ነው፤ ከፊሉን ግን በዘረ መል እየፈለጉት ነው። በ2022 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ካንሰር ውስጥ የበዛ የዘረ መል ለውጥ አሳይቷል። ቅድም ያነሣኋቸው የፒቴንና የኢአርጂ ለውጦችም በአፍሪካ ተወላጆች ላይ የሚገኙት ከአውሮፓውያኑ ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ በአውሮፓውያን ናሙና የተሠራ መለኪያ በእኛ ላይ ልክ ላይሆን ይችላል። ማድካፕ የተባለው የአፍሪካ ተወላጆች የፕሮስቴት ጥናት በሴኔጋል፣ በጋና፣ በናይጄሪያና በደቡብ አፍሪካ ይሠራል። እኛ ኢትዮጵያውያን በዘር ከምዕራብ አፍሪካውያን እንለያለን፤ የእነሱ ቁጥር የእኛ ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ እዚህ ሐኪም «በጥናት ብትሳተፍስ?» ሲላችሁ ቶሎ እንቢ አትበሉ። ጠይቁ፣ አንብቡ፣ ከቤተሰብ ተማከሩ፤ ከዚያ ወስኑ።

ለአገር ቤት ምን እናድርግ?

ባለፈው ስብሰባ አንድ ወንድማችን በቅንነት «የፒ.ኤስ.ኤ መመርመሪያ ገዝተን እንላክ» ብሎ ነበር። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ ግን በዚያ አንጀምር እላለሁ። ፒ.ኤስ.ኤ ካንሰር ባይኖርም በዕጢው ማበጥም በኢንፌክሽንም ይጨምራል። እዚህ ካናዳ ውስጥ እንኳ ክርክር አለበት። የመከላከል ጤና ግብረ ኃይሉ በ2014 ለጠቅላላው ሕዝብ አይመከርም ብሏል፤ የካናዳ የዩሮሎጂ ማኅበር ደግሞ ከታማሚው ጋር ተመካክሮ በ50፣ ሥጋቱ ከፍ ላለበት በ45 ይጀመር ይላል። ባዮፕሲ የሚሠራለት፣ ናሙናውን የሚያነብለት፣ የሚያክመው ሳይኖር ለአንድ ገበሬ «ቁጥርህ ከፍ ብሏል» ብሎ መላክ ጭንቀት ማሸከም ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማ ባሉ ቦታዎች ቢጀመርም ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለታማሚና ለአንድ አስታማሚ የመንገድና የማደሪያ ወጪ፣ ለናሙና ምርመራም ክፍያ የሚሆን ትንሽ ፈንድ እንክፈት። ብዙ ሰው ሕክምናውን የሚያቋርጠው በመኝታና በትራንስፖርት ነው።

ሁለተኛ፣ ትምህርት። ሽማግሌ አባት ወገቡን ለሳምንታት ሲያመው፣ ሽንት ሲያስቸግረው፣ አጥንቱ በሌሊት ሲያመው «ብርድ ነው» ተብሎ እንዳይቀር። እግሩ ሲዝል ወይም ሲደነዝዝ ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል እንዲደርስ። ይህን ለማስተማር ማሽን አያስፈልግም፤ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይበቃሉ። ወረቀቱን እኔ አዘጋጃለሁ፤ እዚያ ያሉ ሐኪሞች ያርሙታል።

ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስልክ ነው። እኛ ውጭ ያለነው ገንዘብ ስለምንልክ ቃላችን ከሐኪሙ ቃል በላይ ይሰማል። ከአገር ቤት ተደውሎ «ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና አለ» ሲሏችሁ እንደ እኔ አትቸኩሉ። ሐኪሙን አነጋግሩ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁ፣ ታማሚው ራሱ ምን እንደሚፈልግ ስሙ። «ውርደት ነው» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አታውጡ።

ለራሳችንም አንድ ልጨምር። 45 የሞላችሁ ወንዶች የቤተሰብ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። አባት ወይም ወንድም የታመመባችሁ፣ ቅጹ ላይ እውነቱን ጻፉ። ልጆቻችሁም ይወቁት፤ ሴቶቹም ጭምር። ባሎቻችሁ «ሌላ ቀን» ካሏችሁ ባለቤቴ ያለችውን ንገሯቸው።

አሁን ቡናው ደርሷል። በሰው ፊት መጠየቅ የከበዳችሁ ካላችሁ፣ ከቡናው በኋላ በመውጫው በር አጠገብ ቆሜ እቆያለሁ። ጃኬታችሁን እየለበሳችሁ ጠይቁኝ፤ ማንም አይሰማም።

የአባቶቻችንን ነፍስ ይማር፤ እኛንም በጤና ያቆየን።